ሎጎዎን ከመቀየርዎ በፊት የማይቀየረውን ይወስኑ

ሎጎ ይታደስ የሚለው ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከደንበኛው ሳይሆን ከባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ያንኑ ምልክት ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ታፔላው ላይ፣ ቀን ደረሰኝ ሲቆርጥ፣ ማታ የቴሌግራም ገጹን ሲያይ ያገኘዋል፤ ቢሰለቸው አይፈረድበትም። ደንበኛው ግን ምልክቱን የሚያየው ምናልባት በሳምንት አንዴ፣ ያውም ከታክሲ መስኮት በጨረፍታ ነው። ባለቤቱ «አርጅቷል» በሚልበት ሰዓት ደንበኛው ገና እየለመደው ሊሆን ይችላል።

ይህን ስል ሎጎ አይታደስ ማለቴ አይደለም። ሥራ ያድጋል፣ ገበያ ይለወጣል፤ ትናንት በወረቀትና በታፔላ ብቻ ይታይ የነበረ ምልክት ዛሬ ስልክ ላይ ከጣት ጥፍር በምታንስ ክብ ውስጥም መታወቅ አለበት። ይህን ያልቻለ ሎጎ ድርጅቱን ከሆነው በታች ያሳንሰዋል፣ አንዳንዴም የሌላ ሰው ያስመስለዋል። ነገር ግን ሎጎ የሚኖረው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ የእርስዎ ወረቀትና ግድግዳ ላይ፣ ሌላው ደንበኛው ልብ ውስጥ። የመጀመሪያውን በአንድ ቀን መቀየር ይቻላል። ሁለተኛው የተገነባው በዓመታት ነው፤ ብራንድ የሚባለውም እሱ ነው። ማደስ ማለት ሁለተኛውን ሳያፈርሱ የመጀመሪያውን ማስተካከል ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተዘጋጀው ይህን ይዞ፣ የራሳቸውን ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት ወይም ፋብሪካ ለሚመሩ ሰዎች ነው።

ምክንያትዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ዲዛይነር ከመጥራትዎ በፊት «ሎጎውን የምናድሰው…» ብለው ይጀምሩና ዓረፍተ ነገሩን ይጨርሱ። መልስዎ ውስጥ «ዘመናዊ» የሚል ቃል ከገባ ይሰርዙትና እንደገና ይሞክሩ። ዘመናዊ መሆን ማንም የሚፈልገው ነገር ስለሆነ ለዲዛይነሩም ለእርስዎም ምንም አይነግርም።

በቂ የሚባሉ ምክንያቶች ጥቂት ናቸው። አንደኛው ሥራው ራሱ ሲለወጥ ነው። ስታርባክስ እ.ኤ.አ. በ2011፣ በተመሠረተ በ40 ዓመቱ፣ ከሎጎው ዙሪያ ስሙንና «ኮፊ» የሚለውን ቃል አንሥቶ ባለሁለት ጭራዋን የባሕር ሴት ብቻዋን አስቀራት። ኩባንያው ከቡና ውጭ ያሉ ምርቶችንም በዚያው ምልክት መሸጥ ስለፈለገ ቃሉ መሰናክል ሆኖበት ነበር። በፎቶ ኮፒ ጀምሮ ዛሬ መጽሐፍ የሚያትም ድርጅት ታፔላው ላይ አሁንም የፎቶ ኮፒ ማሽን ካለ ጉዳዩ ያው ነው። ሁለተኛው ምክንያት ምልክቱ በዛሬው መገናኛ ላይ አልሠራ ሲል ነው። ከሌላ ሰው ምልክት ጋር ሲምታታም፣ ድርጅቶች ሲዋሐዱ ወይም ስም ሲቀየርም ማደስ ተገቢ ነው።

አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ፣ ተፎካካሪያችን ቀየረ፣ አሥረኛ ዓመታችንን ልናከብር ነው፣ የአጎቴ ልጅ ግራፊክስ ተምሯል፤ እነዚህ ምክንያት አይሆኑም። ከሁሉም የከፋው የተበላሸ አገልግሎትን በአዲስ ሎጎ ለመሸፈን መሞከር ነው። ወረፋው ያው፣ ምግቡ ያው፣ የአስተናጋጁ ፊት ያው ሆኖ ታፔላው ብቻ ሲያበራ ደንበኛው ይበልጥ ይናደዳል። ገንዘቡ የት እንደዋለ በዓይኑ እያየ ነዋ!

ያለዎትን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ያውጡ

ሎጎዎ ያረፈበትን ነገር ሁሉ ይሰብስቡ፤ የማይነሣውን በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ታፔላው፣ የመኪናው ስቲከር፣ ክብ ማህተሙ፣ ደብዳቤ የሚጻፍበት ወረቀት፣ ቢዝነስ ካርዱ፣ የሠራተኛው ዩኒፎርም፣ ማሸጊያው፣ የቴሌግራምና የቲክቶክ ገጹ፣ ለጨረታ የሚገባው ሰነድ ሽፋን፣ ባለፈው ዓመት ለባዛር የተሠራው ባነር። ከዚያ ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው።

አብዛኛው ባለቤት እዚህ ላይ ነው የሚደነግጠው። ታፔላው ላይ ያለው አረንጓዴ ዩኒፎርሙ ላይ ካለው ጋር አይገናኝም። አንዱ ማተሚያ ቤት ፊደሉ ስላልነበረው በሌላ ተክቶታል። ማህተም ቀራጩ ሥዕሉን አቅልሎታል፤ የባነሩ ሠራተኛ ደግሞ ቦታ ለመሙላት ወደ ጎን ለጥጦታል። አንድ ሎጎ አለኝ ሲሉ የኖሩት አራትና አምስት ሆኖ ያገኙታል።

እንዲህ ከሆነ አዲስ ሎጎ ላያስፈልግዎ ይችላል። ከአራቱ ትክክለኛውን መርጦ፣ በሚገባ አስተካክሎ አሥሎ፣ በሁሉም ቦታ ያንኑ መጠቀም ብቻውን ድርጅቱን የታደሰ ያስመስለዋል፤ ወጪውም ትንሽ ነው። ዲዛይነሮች ይህን ምክር አይወዱልኝም፤ ግን ብዙ ድርጅት እዚህ ላይ ቢቆም የሚጎድልበት ነገር የለም።

ደንበኛው ምን እንደያዘ ይወቁ

እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ከሁሉም የሚዘለል እርምጃ ይህ ነው፤ ትልልቅ ኩባንያዎች የተጎዱትም እዚሁ ነው።

የፔፕሲኮ ንብረት የሆነው ትሮፒካና የብርቱካን ጭማቂ እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ በአሜሪካ ማሸጊያውን ቀየረ። የቀድሞው ካርቶን ላይ ስትሮ የተሰካበት ብርቱካን ነበር። አዲሱ ብርቱካኑን አንሥቶ በምትኩ ጭማቂ የሞላ ብርጭቆ አመጣ፤ ስሙንም ከላይ ወደ ታች አቆመው። ጭማቂው ያው ነበር። ሽያጩ ግን ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 20 በመቶ ያህል ወረደና ኩባንያው ወደ አሮጌው ማሸጊያ ተመለሰ። ሸማቹ ሱፐርማርኬት ሲገባ ስም አያነብም፤ ዓይኑ ብርቱካኗን ፈልጎ እጁን ይሰዳል። ብርቱካኗ ስትጠፋ ምርቱም ከመደርደሪያው የጠፋ መሰለው።

በቀጣዩ ዓመት፣ በጥቅምት 2010 እ.ኤ.አ.፣ ጋፕ የተባለው የአሜሪካ ልብስ ሻጭ ከ20 ዓመት በላይ የኖረውን ሰማያዊ ካሬ ከረዘም ያሉ ነጭ ፊደሎቹ ጋር ትቶ በተራ ጥቁር ፊደል ስሙን ጻፈና ከጥጉ ትንሽ ሰማያዊ ካሬ ለጠፈበት። ተቃውሞው ስለበረታ በሳምንት ጊዜ ውስጥ የቀድሞውን መለሰ። የዲዛይን ሰዎች አዲሱ ሎጎ አስቀያሚ ስለነበረ ነው ይላሉ። እኔ እንደማየው ግን ችግሩ ማማር አለማማሩ ብቻ አልነበረም፤ ሰው የሚያውቀውን ሁለቱንም ነገር፣ ካሬውንም ፊደሉንም፣ በአንድ ጊዜ ነው የነሣው።

አሁን ወደ እርስዎ ደንበኞች እንምጣ። «ሎጎአችንን ይወዱታል?» ብለው አይጠይቁ። ሰው ይሉኝታ አለበት፤ «ጥሩ ነው» ብሎዎት ይሄዳል። ከዚያ ይልቅ ወረቀትና ጥቂት ባለቀለም እርሳስ ይስጡትና ሎጎውን ሳያይ ከትዝታው እንዲሥለው ይጠይቁት። ሥዕል አልችልም ይላል፤ ማማሩ እንደማያስፈልግ ይንገሩት። ሃያና ሠላሳ ሰው ይበቃል። አዘውትረው የሚመጡም አልፎ አልፎ ብቅ የሚሉም ይኑሩበት፤ ሠራተኞችዎንና ዘመድዎን አያስገቡ።

ወረቀቶቹን ዘርግተው ሲያዩ መልሱ ይወጣል። ብዙዎቹ ቀለሙን በትክክል ይዘው ሥዕሉን ረስተውት ይሆናል። ወይም ሦስት ሺሕ ብር ተጨማሪ የከፈሉበትን ክንፍ ማንም አላስታወሰውም፤ ስምዎ ሥር ያለችውን ጠማማ መስመር ግን ሁሉም ሥሏታል። ብዙ ሰው ያስታወሰው ነገር አይነካም፤ ማንም ያላስታወሰውን ደግሞ ያለ ሐዘን መጣል ይችላሉ። «የማይቀየር» ብለው የያዙትን ዝርዝር ይጻፉ፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ነገር አይበልጥም።

አፕል እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣትን የተገመጠች ፖም ቀስተ ደመና ቀለማቷን በ1998 ገፎ ባለ አንድ ቀለም ሲያደርጋት ቅርጿን አልነካም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላኖች ዘመናዊ መልክ ይዘው እንኳ ጭራቸው ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩን፣ አፍንጫቸው አካባቢ ደግሞ ትንሹን የይሁዳ አንበሳ ይዘው ይበራሉ። አንበሳውን ከሩቅ የሚያየው የለም። የሚሳፈረው ሰው ግን ደረጃው ላይ ሆኖ ያየዋል፤ ለብዙ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ምን ያህል ይቀየር?

ሦስት ደረጃ አለ። ማጽዳት፦ ቅርጹም ቀለሙም ያው ሆኖ የተንጋደደው ይቃናል። ማደስ፦ የማይቀየሩት ተጠብቀው የቀረው እንደገና ይሠራል። መተካት፦ ሁሉም ይሄዳል። ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2023 ወፏን ጥሎ ኤክስ የተባለው ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ ዛሬም ድረስ ብዙ ሰው በአሮጌው ስም ነው የሚጠራው። ስምዎ ካልተቀየረ ወይም አሮጌው ምልክት ከመጥፎ ታሪክ ጋር ካልተያያዘ ወደ ሦስተኛው አይሂዱ። ጥርጣሬ ውስጥ ከገቡ ዝቅ ያለውን ደረጃ ይምረጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ። ማስተርካርድ እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለቱን የተደራረቡ ክቦች ቀለል አድርጎ አሠራና በ2019 ስሙን ከምልክቱ አነሣ። ከማንሣቱ በፊት ባደረገው ጥናት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑ ሰዎች ክቦቹን ያለ ስም ለይተዋቸዋል። ክቦቹ ግን ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዓለም ሁሉ የታዩ ናቸው። ይህን አይተው «እኛም ስሙን አውጥተን ምልክቱን ብቻ እናስቀር» የሚል ሐሳብ ቢመጣልዎ ለጊዜው ይርሱት። የሠፈርዎ ሰው ምልክትዎን ያለ ስም ካላወቀው ታፔላዎ ባለቤት የሌለው ሥዕል ሆኖ ይቀራል።

ፊደሉ ላይ ይቆዩ

በእኛ አገር ሎጎ ብዙ ጊዜ ሁለት ፊደል ይሸከማል፤ ግእዝና ላቲን። ዲዛይነሩ ሰዓቱን ሁሉ ላቲኑ ላይ ያጠፋና አማርኛውን በመጨረሻ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ባገኘው ፊደል ከሥሩ ይጽፈዋል። አንባቢዎ የሚያነበው ግን መጀመሪያ አማርኛውን ነው።

ስለዚህ ሥራው ከአማርኛው እንዲጀምር ይጠይቁ። የግእዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል መልክ የለውም፤ ቁመቱ ተቀራራቢ ነው። ከጎኑ ላቲኑ በትንንሽ ፊደል ሲጻፍ አማርኛው የገነነ፣ በትልልቅ ሲጻፍ ደግሞ የታፈነ ሊመስል ይችላል። የፊደሉን መጠን በቁጥር እኩል ማድረግ መፍትሔ አይሆንም። መመሳሰል ያለበት የመስመሩ ውፍረት ነው፤ ዓይን ሁለቱን አንድ ቤተሰብ ናቸው የሚላቸው ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ የፊደሉን ጥቃቅን ምልክቶች ይመርምሩ። «ቢ» እና «ቤ» የሚለዩት እግራቸው ሥር ባለች ትንሽ ነገር ነው፤ አንዷ ጭረት ናት፣ ሌላዋ ቀለበት። ሎጎው ሲያንስ ወይም ኮምፒዩተሩ ፊደሉን በግድ ሲያወፍረው ቀለበቷ በቀለም ትሞላና «ቤት» የነበረው «ቢት» ሆኖ ይነበባል። «ጨ»ን የመሳሰሉ ብዙ መስመር ያላቸው ፊደሎችም እንዲሁ ይደፈናሉ። በሌላ በኩል የብራና ጽሕፈት የሚያስመስሉ፣ ወፍራምና ቀጭን የሚፈራረቅባቸው ፊደሎች በታፔላ ላይ ግርማ አላቸው፤ ዩኒፎርም ላይ በክር ሲጠለፉ ግን ቀጭኑ መስመር ይጠፋል። ጥሩ ዲዛይነር ስምዎን ለትንሽ መጠን እንደገና ይሥለዋል፤ ቀለበቷን ሰፋ፣ ክፍተቱን ከፈት ያደርገዋል።

የስምዎን አጻጻፍም አሁኑኑ ይቁረጡ። ፀሐይ በ«ፀ» ይሁን በ«ጸ»፣ ኃይሌ በ«ኃ» ይሁን በ«ሀ»፣ ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው፣ ባንክ ያለው፣ ታፔላው ላይ የሚወጣው አንድ ይሁን። «ኃ.የተ.የግ.ማ.» የሚለውን ግን ከሎጎው ያውጡት። ቦታው ደብዳቤና ውል ላይ ነው፤ ታፔላ ላይ ስምዎን ከማጣበብ በቀር ለማንም አይጠቅምም።

ውጭ አገር ሆነው የሚያነቡም አሉና አንድ ነገር ልጨምር። በዋሽንግተን አካባቢ ምግብ ቤት ከከፈቱ፣ አማርኛው ከሥር እንደ ጌጥ የተለጠፈ እንዳይመስል። የማያነበው እንግዳ እንኳ የግእዙን ፊደል ቅርጽ ያስታውሳል፤ በዚያ ገበያ ከማንኛውም ሥዕል የተሻለ ምልክት እጅዎ ላይ ነው ያለው።

ቀለምና ሥዕል

አንድ መንገድ ዳር ይቁሙና ታፔላዎችን ይቁጠሩ። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ፣ ጀበና፣ የቡና ፍሬ፣ የአክሱም ሐውልት፣ አንበሳ። ሁሉም የምንኮራባቸው ናቸው፤ ችግሩ ጎረቤትዎም ይኮራባቸዋል። ሎጎ የሚለይ ነገር ካልሆነ ሥራውን አልሠራም። የሠፈርዎን ተፎካካሪዎች ታፔላ ፎቶ አንሥተው በአንድ ገጽ ላይ ይደርድሩና የእርስዎን አዲሱን ረቂቅ መሐል ያስገቡት። ሲያዩት ዓይንዎ ፈጥኖ ካላረፈበት ገና ነው።

ረቂቁን መጀመሪያ በጥቁርና ነጭ ብቻ ይጠይቁ። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ቀለም የለውም፤ ማህተምም ባለ አንድ ቀለም ነው፤ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ሰነድም እንዲሁ። አረንጓዴና ቀይ ቀለም ሲነሣላቸው ተመሳሳይ ግራጫ የመሆን ልማድ አላቸው፤ በቀለም ብቻ የተለያዩ ቅርጾች እዚያ ላይ ይዋሐዳሉ። ቀይና አረንጓዴን ለማይለዩ ሰዎችም እነዚህ ቅርጾች ሊዋሐዱባቸው ይችላሉ።

ፀሐይን ደግሞ አይርሱ። ያረጁ የፍሌክስ ባነሮችን ልብ ብለው ካዩ ወደ ሰማያዊነት አድልተዋል። በኅትመት ውስጥ ቀዩንና ቢጫውን የሚሰጠው ቀለም ከሰማያዊውና ከጥቁሩ ቀድሞ በፀሐይ ይበላል። ሎጎዎ ሙሉ በሙሉ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ከሆነና ታፔላዎ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ከሆነ ወይ ጥራት ላለው ቀለም በጀት ይያዙ ወይ ስሙ በጥቁር ይጻፍ። የስልክ ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ያንኑ ሆኖ አይወጣም፤ የስክሪኑና የኅትመቱ ቁጥር ለየብቻው ተመዝግቦ ይሰጥዎ።

ከዲዛይነሩ ጋር ሲዋዋሉ

የጻፏትን ዓረፍተ ነገር፣ ደንበኞችዎ የሣሉትን ወረቀት፣ የማይቀየሩትን ዝርዝርና የሰበሰቡትን ፎቶ ይስጡት። ከኢንተርኔት የወረደ የሌላ ሰው ሎጎ አሳይተው «እንዲህ ይሁንልኝ» አይበሉ፤ ከሰጡት እሱኑ ነው የሚመልስልዎ። በነጻ አብነት ወይም በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራ ምልክትም ያው አደጋ አለበት፤ ሌላው ሰው ያንኑ ነገ ሊያወጣው ይችላል፣ የግእዙን ፊደልም ብዙ ጊዜ ያዛቡታል።

ወሳኞቹ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይሁኑ። ረቂቁን ፌስቡክ ላይ አውጥቶ ድምፅ ማሰጠት ዲሞክራሲ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ማንም ያልጠላው፣ ማንም የማያስታውሰው ሎጎ ነው።

ዋጋን በተመለከተ መለኪያ የለም። የናይኪን ምልክት እ.ኤ.አ. በ1971 የሣለችው ካሮሊን ዴቪድሰን የተከፈላት 35 ዶላር ነበር፤ ኩባንያው ቆይቶ በ1983 የአክሲዮን ድርሻ ሰጥቷታል። ዋናው ነገር ከክፍያው ጋር ምን እንደሚረከቡ ነው። ውሉ ላይ የምልክቱ መብት ወደ ድርጅትዎ እንደሚተላለፍ በግልጽ ይጻፍ። ፋይሉ በቬክተር ይሁን፤ ጄፔግ ብቻ ከተቀበሉ የሕንጻ ግድግዳ ላይ ሲሰፋ ይፈራርሳል። ፒዲኤፍ፣ ኤስቪጂና ኋላው ግልጽ የሆነ ፒኤንጂ፣ በቀለምም በጥቁርና ነጭም ይረከቡ። ፊደሉ ወደ ቅርጽ የተለወጠ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ ፋይሉ ሌላ ማተሚያ ቤት ሲከፈት የአማርኛ ስምዎ የላቲን ፊደልና የጥያቄ ምልክት ድብልቅ ሆኖ ይወጣል። ሁሉንም ከአንድ ሰው ስልክ ውጭ፣ ሌላ ሰው ጭምር በሚያውቀው ቦታ ያስቀምጡ።

ከማጽደቅዎ በፊት ያንገላቱት

ረቂቁ በትልቅ ስክሪን ላይ ሲታይ ሁልጊዜ ያምራል። በአንድ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያትሙት። ያንን ፎቶ ኮፒ ያድርጉት፣ ፎቶ ኮፒውን እንደገና ፎቶ ኮፒ ያድርጉት። የቴሌግራም መገለጫ ክብ ውስጥ ያስገቡት፤ ረጅም አግድም ሎጎ ጫፍና ጫፉ ይቆረጣልና ለዚህ የሚሆን አጭር መልክ ያስፈልገዋል። በማህተም መጠን ያሠሩት። ልብስ ሰፊው ጋ ይውሰዱትና በክር ይሞክርልዎ። ከዚያ በባነር መጠን አሳትመው ሱቅዎ በር ላይ ይለጥፉና ከአስፋልቱ ማዶ ሆነው ይዩት፤ ቢቻል በሚሄድ መኪና ውስጥ ሆነው። ስሙን እስኪያነቡ ድረስ መኪናው ካለፈ፣ ለመንገደኛው ሱቅዎ የለም።

ከአንዱ ፈተና ቢወድቅ ዲዛይነሩን አይቆጡ፤ ማስተካከያ ይጠይቁ። ስህተት መታረም ያለበት ወረቀት ላይ እንጂ ብረት ላይ ከተበየደ በኋላ አይደለም።

ሕጉን ይጨርሱ

የንግድ ስምና የንግድ ምልክት ይለያያሉ። ንግድ ፈቃድ ሲያወጡ ያስመዘገቡት ስም ሎጎዎን አይጠብቅልዎም። ለዚህ በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ፤ የሚያስፈጽመውም የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። የተመዘገበ ምልክት ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ለ7 ዓመት ይጠበቃል፤ ከዚያም በየ7 ዓመቱ ይታደሳል።

ሎጎውን ሲያድሱ ሁለት ነገር ያድርጉ። ታፔላ ከማሠራትዎ በፊት ተመሳሳይ ምልክት ተመዝግቦ እንደሆነ ያጣሩ። አሮጌው ተመዝግቦልዎ ከሆነም ጥበቃው በራሱ ወደ አዲሱ ይሻገራል ብለው አይገምቱ፤ ለውጡ ከቀላል እርማት ካለፈ አዲስ ማመልከቻ ያስፈልግ እንደሆነ ባለሥልጣኑን ወይም የመስኩን ጠበቃ ይጠይቁ። አሮጌውንም ቶሎ አይተዉት፤ ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳይጠቀምበት ምዝገባው እንደጸና ይቆይ።

ማውጣት

መጀመሪያ ሠራተኞችዎ ይወቁ። ደንበኛው «ምን ሆናችሁ ነው? ባለቤቱ ተቀየረ እንዴ?» ብሎ የሚጠይቀው ካሽ ላይ ያለችውን ልጅ ነው፤ የምትመልሰው አንድ አጭር መልስ ይኑራት። ሰው በሚበዛበት ቦታ ያለው ታፔላና የኢንተርኔት ገጹ በአንድ ቀን ይቀየሩ፤ ሁለት መልክ ጎን ለጎን ረጅም ጊዜ ሲቆይ ቅርንጫፍ ወይም አስመሳይ ይመስላል። የታተመ ወረቀትና ማሸጊያ ግን እስኪያልቅ መጠቀም ነውር የለውም። ማህተሙን ለባንክዎና ጉዳዩ ለሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሳያሳውቁ አይቀይሩ። ሎጎ ለማደስ ብለው በማግስቱ ቼክ የሚመለስበት ሁኔታ ውስጥ እንዳይገቡ።

የታሸገ ምርት ለሚሸጡ፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት የአሮጌው ማሸጊያ ትንሽ ምስል አዲሱ ላይ ይታይ፤ ከጎኑም «መልኩ አዲስ፣ ጣዕሙ ያው» የሚል ይጻፍበት። ትሮፒካና ካደረገው ይህ ወጪው እጅግ ያነሰ ነው።

ከዚያ ሰው ይናገራል። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ንግግር መለየት ያስፈልጋል። ኢንስታግራም እ.ኤ.አ. በ2016 የድሮ ካሜራ የሚመስለውን ምልክቱን በባለ ኅብረ ቀለም ንድፍ ሲተካ ሰው ሁሉ ሣቀበት፤ መተግበሪያውን መክፈት ግን ማንም አላቆመም፣ ምልክቱም ጸና። «አልወደድኩትም»፣ «የድሮው ይሻል ነበር» የሚል አስተያየት ከመጣ አመስግነው ይታገሡ፤ አብዛኛው በጥቂት ወራት ይረሳል። «ዘጋችሁ ብዬ ሌላ ቦታ ሄድኩ»፣ «መደርደሪያው ላይ ፈልጌ አጣሁት»፣ «ያው እናንተ መሆናችሁን አላወቅኩም» የሚል ከመጣ ግን በወረቀት ይመዝግቡት፤ ሽያጩንም ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ያስተያዩት። እንዲህ ያለው ሲደጋገም መጀመሪያ የጠፋውን ነገር ፈልገው ይመልሱ፤ ቀለሟን፣ መስመሯን፣ ብርቱካኗን። ሙሉውን አሮጌ ሎጎ መመለስ ካስፈለገም አይዘግዩ። ጋፕ በሳምንት ውስጥ ነው የመለሰው፤ አሮጌውን ታፔላ ቢያንስ ለስድስት ወር ለቁራሌው እንዳይሸጡት የምመክረውም ለዚህ ነው።